ጎሉን ማን አገባው?

ይድረስ ለጋዜጣው የስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከሀዋሳ ነው የምጽፍላችሁ። የአማርኛ መምህር ነኝ። በትርፍ ሰዓቴ የትምህርት ቤታችንን ሚኒ ሚዲያ አስተባብራለሁ። ለጋዜጣ ደብዳቤ ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። የተናደድኩት እኔ እንዳይመስላችሁ። የተናደደችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፤ እኔ ጸሐፊዋ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዜጣችሁን ፒያሳ ካለ አዟሪ እገዛለሁ። የስፖርት ገጹን በመቀስ ቆርጬ ካርቶን ላይ እለጥፍና ሚኒ ሚዲያ ክፍል ይዤ እገባለሁ። ልጆቹ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እንበታትነዋለን። በቀደም የወሰድኩት የአንድ የሀገር ውስጥ ጨዋታ ዘገባ ነበር። የክለቦቹን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። አንዱ ሌላውን 1 ለ 0 አሸንፏል። ዘገባው የገጹን እኩሌታ ይዟል። «ደማቅ ድባብ» አለበት። «ብርቱ ፉክክር የታየበት» አለበት። አሰልጣኙ ደጋፊውን ያመሰግናሉ፤ ከዚያ ፈጣሪን፤ ከዚያ እንደገና ደጋፊውን። ልጁ አንብቦ ሲጨርስ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

«ቲቸር፣ ጎሉን ማን አገባው?»

«አለ እኮ፤ አላዳመጥሽም» አልኳት። ልጁ ደግሞ አነበበው። የለም። ካርቶኑን ተቀብዬ ራሴ አየሁት። የለም። ደቂቃውም የለም። በእግር ይሁን በጭንቅላት፣ በፍጹም ቅጣት ምት ይሁን በጨዋታ፣ ምንም። አንድ ጎል ብቻ በገባበት ጨዋታ ያቺው አንዷ ጎል ባለቤት አጣች።

«ታዲያ ምን እንድንማርበት ነው ያመጡልን?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ራሴ የጻፍኩት ያህል አፈርኩ።

የዘጋቢው ችግር አይገባኝም ማለት አይደለም። ጨዋታው ሲያልቅ መሽቷል፤ ገጹ ሊዘጋ ነው፤ ኔትወርክ ይጠፋል። ቦታውም ጠባብ ነው። ግን «ደማቅ ድባብ» የፈጀው ቦታ ለአንድ ስምና ለአንድ ቁጥር ይበቃ ነበር።

ልጆቹን የስፖርት ዜና ማስተማር የጀመርኩት ሳላስበው ነው። ሚኒ ሚዲያው ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና ያነባል። የስፖርቱ ዜና ሁልጊዜ የእንግሊዝ ነበር። ሰኞ ጠዋት አርሰናልና ማንቸስተር። ከስልክ ይገለበጣል፣ ይነበባል፣ ይጨበጨባል። አርብ ከሰዓት እዚሁ ሜዳችን ላይ 10ኛ ሐ 10ኛ ለን 3 ለ 2 ሲያሸንፍ ግን አንድ መስመር የሚጽፍ የለም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «እሱንማ ሁሉም አይቶታል» አሉኝ። እንግዲያው ያያችሁትን ጻፉ አልኳቸው። ሰባት ልጆች ጻፉ። ሰባት የተለያየ ጨዋታ ሆኖ መጣ። አንዱማ 3 ለ 3 ብሎ ቁጭ አለ።

ከዚያ ወዲህ ሕጋችን አንድ ነው፤ ደብተር ያልያዘ አይዘግብም። ገጹን መሃል ለመሃል እናሰምራለን። ግራው ለአንዱ ቡድን፣ ቀኙ ለሌላው፣ ዳር ዳሩን ደቂቃ። ጎል «ጎ»፣ የማዕዘን ምት «ማ»፣ ቢጫ «ቢ»፣ ቅያሪ «ቅ»። ከፊደሉ አጠገብ የማሊያ ቁጥር። ቁጥር ከሌለ ደግሞ ምልክት፦ «ቀይ ካልሲ»፣ «ጸጉሩን የተላጨው»። ጨዋታው እንዳለቀ ሮጦ ስም መጠየቅ ነው፤ ስም ከነአባት። ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሳ የሚጽፍ አንድ ልጅ አለኝ። ፊደሎቹ መስመሩን ለቀው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ገጹ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ሌላ ሰው አያነበውም። እሱ ግን 41ኛው ደቂቃ ላይ ምን እንደሆነ ብትጠይቁት ጣቱን አስቀምጦ ይነግራችኋል።

ከደብተሩ ወደ ዜናው መሻገር ነው ከባዱ። እዚህ ላይ የቋንቋችን ጠባይ አለ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ልጆቹ የሚያውቁትን ሁሉ መሃሉ ላይ ይጠቀጥቁታል። «በሁለቱ ክፍሎች መካከል በትናንትናው ዕለት በትምህርት ቤታችን ሜዳ በርካታ ተማሪዎችና መምህራን በተገኙበት በደመቀ ሁኔታ የተካሄደው የእግር ኳስ ጨዋታ በ10ኛ ሐ አሸናፊነት ተጠናቀቀ።» አሸናፊው እስኪመጣ ሰልፍ ላይ የቆመውን ተማሪ ፀሐይ ጨረሰው። መድኃኒቱ መቁረጥ ነው። «10ኛ ሐ 10ኛ ለን 3 ለ 2 አሸነፈ። የማሸነፊያዋ ጎል የገባችው ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው።» የተመልካቹ ብዛት ቆይቶ ይደርሳል፤ ካስፈለገ። ጋዜጠኞች የተገለበጠ ፒራሚድ የምትሉት ይሄንኑ ነው፤ ትልቁ ነገር ከላይ፣ ትንሹ ከታች። አርታኢ ቦታ ሲያጥረው ከታች ይቆርጣል። ምናልባት የእናንተም ዘጋቢ ስሙን ጽፎት ነበር ይሆናል። ከጻፈም የጻፈው መቀስ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው ማለት ነው።

ለመግቢያ አንቀጽ የማሠራቸው አንድ ልምምድ አለ። የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ጨዋታውን እነሱ አላዩት፣ እኔ አላየሁት። ለዚህ ነው የምወደው፤ ከሰሌዳው ላይ ካለው ሌላ የሚደገፉበት ነገር የለም። እንዲህ ብቻ እጽፋለሁ፦ ጥር 13 ቀን 1954፣ አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ 4 ግብፅ 2፣ በጭማሪ ሰዓት። ግብፅ በ35 እና በ75። ኢትዮጵያ በ74፣ በ84፣ በ101 እና በ117። የአግቢዎቹን ስም ሆን ብዬ እተወዋለሁ።

አብዛኛው ልጅ «ኢትዮጵያና ግብፅ ባደረጉት ጨዋታ ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች» ብሎ ይጀምራል። ስህተት የለበትም። ግን ደቂቃዎቹን እንደገና እዩዋቸው እላለሁ። ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዱ «ውይ!» ይላል። ያየው 74ን እና 75ን ነው። ኢትዮጵያ ከአንድ ሰዓት በላይ ለፍታ አቻ ሆነች፤ በማግስቱ ሳይሆን በማግስቱ ደቂቃ እንደገና ተመራች። ያቺን አንድ ደቂቃ ስታዲየሙ እንዴት እንዳሳለፋት አስቡት። ሁለት ጊዜ ተመርታ፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆና፣ በጭማሪ ሰዓት ዋንጫ ወሰደች። ዜናው ይሄ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለ ምንም ቅጽል ተቀምጦ ነበር።

ነጥብ የምሰጠው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። እጁን አውጥቶ «ስሞቹስ?» የሚል ልጅ አለ ወይ ብዬ እጠብቃለሁ። ሳይጠይቅ የጻፈ ነጥብ ይጎድልበታል። አንድ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀኝ ደወል ተደወለ፤ ሁሉም ጎደለባቸው፤ ተኮራረፍን። አራተኛዋን ጎል መንግሥቱ ወርቁ እንዳገባት፣ ዋንጫውን የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደነበር የሚሰሙት የጠየቁ ጊዜ ነው። የእናንተን ዘገባ ስናነብ ያቺ ልጅ እጇን ያወጣችው ከዚህ ልምምድ በኋላ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የእኔም ነው።

ቁጥር ካለ ቅጽል ሥራ ያጣል። ይሄን ያስተማርኳቸው በሲድኒ ነው። መስከረም 15 ቀን 1993፣ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ። ኃይሌ ገብረሥላሴ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29። ልጆቹ «እጅግ አስደናቂ በሆነ ሁኔታ»፣ «ልብ በሚሰቅል ፉክክር» እያሉ ሞሉት። ልዩነቱን አውጡ አልኳቸው። የሰከንድ ዘጠኝ መቶኛ። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ በወጡት መካከል የነበረው ልዩነት 12 መቶኛ ነው። 25 ዙር የሮጡት ሰዎች መቶ ሜትር ከሮጡት ይበልጥ ተቀራርበው ገቡ። ይሄን ከጻፍክ «ልብ የሚሰቅል» ማለት ለምን ያስፈልግሃል? የአንባቢው ልብ ራሱ ይሰቀላል።

ስለ ስም ካነሳሁ አይቀር አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 2016 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የያኔውን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስታሻሽል አንድ ልጅ ዜናውን ከእንግሊዝኛ ተርጉሞ አመጣ። «አሰፋ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች» ይላል። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። የውጭ ሰዎች በአባት ስም ስለሚጠሩ እሱም ተከተላቸው። እኛ ሀገር አሰፋ ከተባለ የሮጡት አባቷ ናቸው። ልጁ እስካሁን በግቢው «አሰፋ ሰበረች» ነው የሚባለው። ሳቁ ቢያልፍም ነገሩ ቀላል አይደለም። የውጭውን ስንገለብጥ የራሳችንን ሰው አባቱ አድርገን እንጽፈዋለን።

ሌላው ችግር ጩኸት ነው። የእኔ እኩዮች ደምሴ ዳምጤን በሬዲዮ እየሰማን ነው ያደግን። የእኔ ተማሪዎች ደግሞ በዲኤስቲቪና በየኤፍኤሙ ይሰማሉ። ሁላችንም ስንጽፍ እንጮሃለን። «ያዛት! አለፈው! ገባች!» ሬዲዮ ላይ ይሄ ያስኬዳል፤ ሰሚው ኳሷ የት እንዳለች ገና አያውቅም። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ግን ውጤቱን ማታውኑ ሰምቶታል። እሱ የሚፈልገው እንዴት እንደሆነ ነው።

ከሁሉ ያጨቃጨቀን አባ ኮዳ ነው። ሀዋሳን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አሞራ ገደል አሳ ሲበለት አጠገብ ቆሞ ድርሻውን የሚጠብቀው ያ ትልቅ ወፍ። አንድ አርብ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሜዳችን መሃል አረፈ። ዳኛው፣ የስፖርት መምህራችን፣ ፊሽካ ነፉ። አልሄደም። በረኛው ጃኬቱን አውልቆ እያውለበለበ መጣ። ወፉ ሁለት እርምጃ ተራመደና ቆመ። ሦስት ደቂቃ ጨዋታ ተቋረጠ። በነጋታው አንዷ ልጅ ዜናውን በአባ ኮዳው ጀመረች። ውጤቱ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነው። ግማሹ ክፍል ደገፋት፤ ግማሹ ተቃወመ። ውጤቱ ይቅደም አልኩ። ከመስኮቱ ጥግ የተቀመጠ ዝምተኛ ልጅ እንዲህ አለ፦ «ቲቸር፣ እዚህ ከሆነ አባ ኮዳ ዜና አይደለም፤ ሁሌ እናየዋለን። ለአዲስ አበባ ጋዜጣ ከሆነ ግን ዜና ነው።» እኔ በብዙ ዓመት ማስተማር ያላስረዳሁትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው።

በነገራችን ላይ ዳኛው «ነፉ» ይባል ወይስ «ነፋ» የሚለው ራሱ አንድ ሰዓት ወስዶብናል። ተጫዋቹ «አገባ» እንጂ «አገቡ» አይባልም። መምህር ሲዳኝ ግን የልጆቹ እጅ ይንቀጠቀጣል። «ነፉ» ብለን ተስማምተናል፤ ማርክ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በሁለተኛው ዓመታችን ነው። ክፍሎቹ 11 ማሊያ ብቻ ነው ያላቸው፤ ተቀይሮ የሚገባው የወጣውን ልጅ ማሊያ አውልቆ ይለብሳል። እኔ ራሴ ደብተር ይዤ ነበር። ከእረፍት በኋላ 7 ቁጥር አገባ። የ7 ቁጥርን ስም ከእረፍት በፊት ጽፌዋለሁ፤ ስለዚህ ሮጬ አልጠየቅኩም። ሰኞ ሰልፍ ላይ ስሙ ተነበበ፣ ተጨበጨበ። ማሊያው ግን በእረፍት ሰዓት ሰው ቀይሯል።

ማክሰኞ አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ቢሮ በር ላይ ቆሙ። ግቡ ብላቸው አልገቡም። «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው» አሉኝ። «ልጄ አርብ ጎል አገባሁ ብሎ ሲፈነጥዝ መጣ። ደስ ብሎኝ አሳ ጠበስኩለት። ትናንት ታናሽ እህቱ የተጠራው የሌላ ልጅ ስም ነው አለችኝ። ልጄ ዋሽቶኝ ነው?»

ምን ትላላችሁ እንዲህ ስትጠየቁ? «አልዋሸም፣ እማማ። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ረቡዕ ጠዋት ማረሚያው በራሴ አፍ ተነበበ። ልጁ ሰልፉ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ጭብጨባው የሰኞውን ያህል አልሆነም። የሁለት ቀን ጎል የትናንት እንጀራ ነው፤ ይበላል እንጂ እንደ ትኩሱ አይሆንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሊያ አላምንም። ፊት ነው የማየው።

ጎል ያገባ ልጅ ስሙ ሲጻፍለት ምን እንደሚሆን ከፈለጋችሁ የሰፈራችን ጸጉር ቤት ብትመጡ ታያላችሁ። ሀዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 የሊጉን ሻምፒዮንነት ሲወስድ የነበሩ ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ያቺን ጎል ማን አገባት፣ ማን አቀበለ፣ ስንተኛው ደቂቃ ላይ። ድምፅ ከፍ ሲል ጸጉር አስተካካዩ መሳቢያውን ይከፍትና ዳሩ የተበላ የጋዜጣ ቁራጭ ያወጣል። ስም አለበት፣ ደቂቃ አለበት። ክርክሩ እዚያው ይቆማል፤ ወደ ሌላ ጎል ይዞራል። ያ ቁራጭ ላይ የተጻፈው «ደማቅ ድባብ» ብቻ ቢሆን ኖሮ መሳቢያ ውስጥ ምን ያደርጋል?

ስለዚህ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ጎል አግቢውን በመጀመሪያዎቹ ሁለት አንቀጾች ውስጥ ጻፉልን። ደቂቃውን አብራችሁ። እንዴት እንደገባች በአንድ ዓረፍተ ነገር። አሰልጣኙ ደጋፊውን ያመሰገኑበት ቦታ ካጣ ግድ የለም፤ ደጋፊው ይረዳል። ዘጋቢያችሁ ስታዲየም ውስጥ አሰልጣኙን ሲያገኝም «ምን ተሰማዎት?» ባይል ደስ ይለኛል። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ደስ ብሏቸዋል። የእኔ ልጆች ለአግቢው የሚያቀርቡት ጥያቄ «በረኛው ወደየት ሲያዘነብል አየኸው?» የሚል ነው። መልሱ ዜና ይሆናል። አንድ ልጅ «አላየሁትም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የመታሁት» ብሎ መልሶላቸው ርዕስ ሆኗል።

ዘጋቢያችሁ ሀዋሳ ከመጣ አርብ 9 ሰዓት ላይ ሜዳችን ብቅ ይበል። ወንበር አለ፣ ጥላ አለ። ደብተር እናውሰዋለን። እስክሪብቶ ይዞ ይምጣ፤ የእኛዎቹ አይመለሱም።

ያቺ ልጅ ግን አሁንም መልስ ትጠብቃለች። የአግቢውን ስም በስልክ ፈልጉ ትሉን ይሆናል። ፈልገናል። አንዱ ገጽ አንድ ስም ይላል፤ ሌላው ተከላካዩ በራሱ ላይ ነው ያገባው ይላል። ካርቶኑ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከዘገባው ሥር በቀይ እስክሪብቶ ክፍት ቦታ አስምራለች። የሚሞላ ስም ካላችሁ ላኩልን፤ ደቂቃውንም አትርሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአማርኛ መምህር
ሀዋሳ